ኪራዩን የሚከፍለው ብር የተረፈው ፕሮጀክት መሆን የለበትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የበጀት መዝጊያ ሲቃረብ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ባሉ የግብረ ሰናይ ድርጅት ቢሮዎች አንድ ጥያቄ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ «ብር ያለው የትኛው ፕሮጀክት ላይ ነው?» ያልተከፈለ የቢሮ ኪራይ አለ፣ የመኪና ጎማ ተገዝቷል፣ የጥበቃዎች ደመወዝ ደርሷል። ብር የተረፈው ፕሮጀክት ይከፍላል፣ ሂሳቡ ይዘጋል፣ ሪፖርቱ ለለጋሹ ይላካል። ቆይቶ ኦዲተር ይመጣና የጎማውን ደረሰኝ አንስቶ «ይህ መኪና ለዚህ ፕሮጀክት ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?» ሲል የሚመልስለት ያጣል። ማንም ብር አልወሰደም፤ ጎማው ተገዝቷል፣ መኪናው ላይም ተገጥሟል። ሆኖም ወጪው ተቀባይነት የለውም ተብሎ ገንዘቡ ለለጋሹ እንዲመለስ ይወሰናል። የሚመለሰውም ድርጅቱ በራሱ ካጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ ነው፤ እሷ ካለቀች የሚቀረው ሠራተኛ መቀነስ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በወሎ የፕሮጀክት ሂሳብ በመያዝና በመመርመር ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ የጋራ ወጪ፣ ማለትም እንደ ኪራይና መኪና ብዙ ፕሮጀክቶች አብረው የሚጠቀሙበት ወጪ፣ መካፈል ያለበት ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በተጻፈ ደንብና በእውነተኛ አጠቃቀም ልክ ነው። የተረፈ በጀት የማካፈያ መሠረት ሊሆን አይችልም።

በጋዜጦችም በስብሰባዎችም «ከእርዳታው ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለመኪና ዋለ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ኪራይም ሂሳብ ሠራተኛም ሁሉ ብክነት ነው ወደሚል ስሜት ሲያመራ፣ ድርጅቶች እነዚህን ወጪዎች በ«ሥልጠና»ና በ«ክትትል» መደብ ሥር መደበቅ ይጀምራሉ። የተደበቀን ወጪ ደግሞ ቦርዱም፣ ለጋሹም፣ መንግሥትም ሊቆጣጠረው አይችልም። ደላንታ ላይ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፕሮጀክት ጨረታ የሚያወጣ፣ ውል የሚይዝ፣ ክፍያ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው የሚቀመጥበት ክፍልም ኪራይ አለው። ይህ ወጪ የጉድጓዱ ወጪ አካል ነው።

ሕጉም ቢሆን ይህን ለይቶ ያያል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጣሪያውን 30 በመቶ አድርጎት ነበር፤ ነገር ግን በማስፈጸሚያ መመሪያው የአስተዳደር ወጪ ተብሎ የሚቆጠረው ነገር ሰፊ ስለነበረ ብዙ የፕሮጀክት ሥራ እዚያ ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይገናኝ፣ ድርጅቱ በሕይወት እንዲቆይ ብቻ የሚያስፈልግ ወጪ ነው። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ ለአስተዳደር ሥራ የሚውል መኪና ነዳጅ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ አንድ መኪና ግማሹን ወር ለፕሮጀክት፣ ግማሹን ለአስተዳደር ከሠራ የነዳጁ ግማሽ በ20 በመቶው ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል፤ ግማሹ አይቆጠርም። ይህን የሚለየው ሰነድ የማካፈያ ሠንጠረዡ ነው፤ እያንዳንዱ የጋራ ወጪ በየትኛው ፕሮጀክት ምን ያህል እንደሚጻፍ የሚያሳየው። ሠንጠረዥ የሌለው ድርጅት ሕጉን አክብሯል አላከበረም ማለት ራሱ አይቻልም።

ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ደሴ ላይ ሦስት ፕሮጀክት የያዘ ቢሮ እናስብ፤ ውኃ፣ ሥነ ምግብና ኑሮ ማሻሻያ። በወር ኪራይ 45,000 ብር፣ ጥበቃና ጽዳት 16,000 ብር፣ መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት 9,000 ብር ነው እንበል፤ ድምሩ 70,000 ብር። እነዚህ ወጪዎች የሚጨምሩትም የሚቀንሱትም በዋናነት በሰው ብዛት ስለሆነ፣ መካፈያው ቢሮውን የሚጠቀሙት የፕሮጀክት ሠራተኞች ቁጥር ይሁን። ውኃ 6፣ ሥነ ምግብ 3፣ ኑሮ ማሻሻያ 1 ሰው ካላቸው ክፍፍሉ 42,000፣ 21,000 እና 7,000 ብር ይሆናል። ዳይሬክተሩ፣ ሂሳብ ሹሙና ገንዘብ ያዡ በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም፤ እነሱ ራሳቸው የጋራ ወጪ ናቸውና። በሁለት ፕሮጀክት የሚሠራ ሰው 0.6 እና 0.4 ተብሎ ይከፈላል። ለመስክ ሠራተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወገል ጤና ተቀምጦ ወር በወር የሚሠራ ባለሙያ የደሴው ቢሮ ተጠቃሚ ተብሎ መቆጠር የለበትም።

በበጀት መጠን ማካፈል የሚመርጡ አሉ፤ ስሌቱ ቀላል ስለሆነ። እኛ አንመክረውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በብር እኩል 5.7 ሚሊዮን በጀት የነበራቸው ሁለት ፕሮጀክቶች ቢኖሩ፣ አንዱ ከለጋሽ ጋር የተፈረመ የ100,000 ዶላር ስምምነት ከሆነ ዶላር 114 ብር በደረሰ ቀን በብር 11.4 ሚሊዮን ይሆናል። በኪራዩ ላይ ያለው ድርሻም ከግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይዘላል። ቢሮው ውስጥ ግን አንድም ወንበር አልተጨመረም። ለጋሹ «ለምን?» ሲል የሚሰጠው መልስ «ምንዛሪው ስለተቀየረ» ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ አጠቃቀምን አያስረዳም።

ትልቁ ችግር የሚመጣው አንዱ ፕሮጀክት ሲዘጋ ነው። ከላይ ባልነው ቢሮ የሥነ ምግቡ ፕሮጀክት ቢያልቅ ሠራተኛው 7 ይሆናል፤ 70,000 ብር ለ7 ሲካፈል የአንድ ሰው ድርሻ 10,000 ብር ነው። ውኃው 60,000፣ ኑሮ ማሻሻያው 10,000 ብር መክፈል አለባቸው ማለት ነው። በበጀታቸው የተያዘላቸው ግን 42,000 እና 7,000 ነው። በየወሩ 21,000 ብር ባለቤት ያጣል። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድና የእርዳታ ድርጅቷ የዩኤስኤአይዲ ሥራ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቆም፣ በብዙ ቦታ ኪራዩንና መኪናውን በአብዛኛው ይሸከም የነበረው ስምምነት በአንድ ጊዜ ጠፋ። የቀሩት ለጋሾች ድርሻቸው ለምን እንደጨመረ በሰነድ ሊያስረዳቸው የቻለ ድርጅት የበጀት ማሻሻያ የመጠየቅ ዕድል ነበረው፤ ሠንጠረዥ ያልነበረው ግን ጥያቄውን የሚጀምርበት እንኳ አልነበረውም።

ስለዚህ አንድ ስምምነት ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ስሌቱ ያለ እሱ እንደገና ይሠራ። ክፍተቱ በግልጽ ይታያል፤ ከዚያ አከራዩን አነጋግሮ ክፍል መቀነስ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር ቢሮ መጋራት ወይም የቀሩትን ለጋሾች በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። የኪራይ ውል ሲፈረምም የማቋረጫ ማስታወቂያው ጊዜ ከረጅሙ ፕሮጀክት ጋር ሳይሆን ከአጭሩ ጋር ይታይ። የሁለት ዓመት ኪራይ ቅድሚያ ከፍሎ የአንድ ዓመት ፕሮጀክት ላይ መጻፍ ኦዲተር ወዲያው የሚያነሳው ነገር ነው። ስምምነቱ ከሚያልቅበት ቀን በኋላ ያለው ኪራይ የዚያ ለጋሽ ወጪ አይደለም።

መኪና ደግሞ የራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። ነዳጅ፣ ዘይትና ሰርቪስ የሚካፈሉት በኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በወር 2,400 ኪሎ ሜትር ሄዶ 96,000 ብር ካስወጣ ኪሎ ሜትሩ 40 ብር ገባ ማለት ነው፤ ለውኃ 1,500፣ ለሥነ ምግብ 600፣ ለኑሮ ማሻሻያ 300 ኪሎ ሜትር ከሄደ 60,000፣ 24,000 እና 12,000 ብር ይደርሳቸዋል። የሹፌሩ ደመወዝ፣ ኢንሹራንሱና ቦሎው ግን መኪናው ቆመም ሄደም የሚከፈሉ ናቸው። እነዚህን በወሩ ኪሎ ሜትር ያካፈለ ድርጅት መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ይቸገራል፤ የተመዘገበ ጉዞ የለምና የሚካፈልበት መሠረት ያጣል። ቋሚ ወጪዎቹ በዓመቱ ዕቅድ በተያዙት የመኪና ቀናት ቢካፈሉ ይሻላል። ጎማ በአንድ ወር ተገዝቶ ለብዙ ወር ስለሚያገለግል በተገዛበት ወር ጉዞ ሳይሆን ባለፉት ስድስት ወራት ድምር ኪሎ ሜትር ይከፋፈል። «ለወደፊት ጎማ» እያሉ በየወሩ ብር መቁረጥ ግን አይፈቀድም፤ ለጋሾች የሚቀበሉት የወጣን ወጪ እንጂ የተቀመጠን አይደለም።

የጉዞ መዝገቡ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ የቆጣሪ መነሻና መድረሻ ንባብ፣ የጉዞው ምክንያት፣ የፕሮጀክት ኮድ፣ የተጓዦች ስምና የተጠቃሚው ፊርማ ይኑረው። የውኃ መሐንዲሱና የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በአንድ መኪና ቢሄዱ አብረው የሄዱበት መንገድ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ የሄደበት ደግሞ የራሱ ብቻ ነው። መዝገቡ በወር መጨረሻ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ከሆነ ከሩቅ ያስታውቃል። ኦዲተር የሚያደርገው ቀላል ነው፤ የነዳጁን ሊትር ከኪሎ ሜትሩ ጋር ያመሳክራል፣ መኪናው ጋራዥ በነበረበት ቀን የተቀዳ ነዳጅ መኖሩን ያያል። በወሎ መንገድ በሊትር የሚኬደው ርቀት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ከሚሄደው የበለጠ ይጠጣል። ስለዚህ ለመኪናው አንድ አማካይ ፍጆታ አስቀምጦ ሁሉንም ጉዞ በእሱ መመዘን ሹፌሩን ያለ ጥፋቱ ያስጠይቃል። ለዳገትና ለፒስታ መንገድ የተለየ ልኬት በቦርዱ ጸድቆ ይቀመጥ።

ነዳጅ በቴሌብር መከፈል ከጀመረ ወዲህ አዲስ ችግር መጥቷል። ማረጋገጫው የሚመጣው በሹፌሩ ስልክ ነው፤ የድርጅቱ ስም አይታይበትም። መልእክቱ በዚያው ቀን ታትሞ፣ የሰሌዳ ቁጥሩና የቆጣሪው ንባብ ተጽፎበት፣ ሹፌሩና የሥምሪት ኃላፊው ፈርመውበት ከክፍያ ማዘዣው ጋር መያያዝ አለበት። ከማደያ ነዳጅ ሲጠፋ በጄሪካን የሚገዛው ደረሰኝ የለውም፤ ሥራው ምንም ያህል አስቸኳይ ቢሆን ያ ወጪ ለማንኛውም ለጋሽ ሊቀርብ አይችልም። ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል።

ደመወዝ ላይ በብዛት የምናገኘው ስህተት ከመቶ በላይ መድረስ ነው። አንድ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ በአንዱ ስምምነት 50፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 30 በመቶ ተብሎ ይገኛል። ድምሩ 120 ነው። በተንኮል የሚደረግ አይደለም፤ ሦስቱ የፕሮጀክት ሐሳቦች በተለያየ ጊዜ ሲጻፉ ሁሉም ያልፋሉ ተብሎ አልተጠበቀም ነበር፤ ሁሉም አለፉ። መፍትሔው በድርጅቱ ውስጥ አንድ ብቻ የሠራተኛ ድርሻ ሠንጠረዥ መያዝ፣ አዲስ የፕሮጀክት ሐሳብ ከመላኩ በፊትም ሂሳብ ክፍሉ እሱን አይቶ እንዲፈርም ማድረግ ነው። ፔይሮሉም (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) አንድ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የተለየ ፔይሮል የሚያዘጋጅ ቢሮ መቶ መሙላቱንም ማለፉንም አያውቅም።

ድርሻው በበጀት 60 ለ 40 ስለተባለ በየወሩ 60 ለ 40 መጻፍ አይበቃም። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ደንብ የበጀት ግምት ብቻውን ለደመወዝ ወጪ ማስረጃ እንደማይሆን በግልጽ ይደነግጋል፤ ሌሎችም በተመሳሳይ መንገድ ይጠይቃሉ። የጊዜ መመዝገቢያው ሥራው ከተሠራ በኋላ፣ በቀን በቀን፣ በሠራተኛውና በአለቃው ፊርማ ይሞላል። በየሦስት ወሩ ከተከፈለው ጋር ተነጻጽሮ ልዩነቱ በጆርናል ቫውቸር (ሂሳብን ከአንድ መደብ ወደ ሌላ በሚያዛውር ሰነድ) ይስተካከላል። ኦዲተር እዚህ ላይ ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የጊዜ መመዝገቢያውን፣ የአበል መጠየቂያውንና የመኪናውን መዝገብ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ በውኃ ፕሮጀክት ሠራሁ ብሎ ፈርሞ በዚያው ቀን ወረባቦ ለሥነ ምግብ ሄዶ አበል ከተቀበለ፣ የወሩ መመዝገቢያ በሙሉ እምነት ያጣል።

አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ሕክምናውና ሌላው ጥቅማጥቅም ሁሉ የደመወዙን ድርሻ ይከተላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዓመት ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሠራተኛው በአንዱ ፕሮጀክት ያጠራቀመውን ፈቃድ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ ቢወስደው ወጪው በሚቀጥለው ለጋሽ ላይ ያርፋል፤ ያ ለጋሽ ደግሞ ያልተሠራለትን አይከፍልም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ ፈቃዱ ይወሰድ።

የዘመን አቆጣጠሩም ነገር ቀላል አይደለም። ግብርና ጡረታ የሚታወጁት በኢትዮጵያ ወር ነው፤ ሪፖርቱ የሚጠየቀው በፈረንጅ ወር ነው። የፈረንጆቹ ዓመት የሚያልቀው ታኅሣሥ 22 ላይ ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 21። በኢትዮጵያ ወር የሚከፍል ቢሮ የታኅሣሥን ኪራይና ደመወዝ በ22 እና በ8 ቀን ከፍሎ ለሁለቱ ሪፖርቶች ማካፈል ይኖርበታል፤ በተለይ በዚያን ቀን የሚያልቅ ስምምነት ካለ። ሙሉ ወሩን በሚያልቀው ላይ የጻፈ ቢሮ የ8 ቀን ወጪ ይመለስበታል። ትንሽ ይመስላል፤ በአሥር ሠራተኛ ሲባዛ ግን ትንሽ አይደለም።

ለጋሾች «ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ» ብለው፣ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ተለይቶ ለማይጻፍ የአስተዳደር ወጪ በመቶኛ የሚሰጡት ገንዘብ ሌላው ስህተት የሚበዛበት ቦታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከተፈቀደው ቀጥተኛ ወጪ እስከ 7 በመቶ ይሰጣል። አሜሪካ ከመንግሥቷ ጋር የተደራደሩበት ተመን ለሌላቸው ድርጅቶች 10 በመቶ የነበረውን ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 15 በመቶ ከፍ አድርጋለች። የአሜሪካው መቶኛ ግን በጠቅላላ በጀቱ ላይ አይታሰብም። ትልልቅ ዕቃ፣ የኪራይ ወጪ፣ ለሠልጣኞች የሚከፈል ድጋፍና ለሌላ ድርጅት ከተላለፈ ገንዘብ ውስጥ ከ50,000 ዶላር በላይ ያለው ተቀንሶ ነው የሚሰላው። የ10 ሚሊዮን ብር በጀት ውስጥ 3 ሚሊዮን ብር የመኪና ግዥ ካለና ሌላ ተቀናሽ ከሌለ፣ 15 በመቶው የሚሰላው በ7 ሚሊዮኑ ላይ ነው፤ 1,050,000 ብር እንጂ 1,500,000 ብር አይደለም። ከዚህም በላይ የሂሳብ ኃላፊውን ደመወዝ በዚህ መቶኛ ውስጥ የተቀበለ ድርጅት ያንኑ ሰው በዚያው ስምምነት ቀጥተኛ ወጪ ላይ ደግሞ መጻፍ አይችልም። አንድ የወጪ ዓይነት በሁሉም ፕሮጀክቶች በአንድ መንገድ ይያዝ፤ በአንዱ ቀጥተኛ በሌላው ቀጥተኛ ያልሆነ እያሉ መቀያየር ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

የጋራ ወጪ አልከፍልም የሚል ለጋሽም አለ። ያኔ ምን ይደረጋል? ድርሻው ይሰላል፣ ይጻፋል፣ ከድርጅቱ የራሱ ገቢ ይከፈላል። በሌሎቹ ለጋሾች ላይ ማከፋፈል አይቻልም። የቅሬ (የእድር) ድንኳን ሲታደስ አባሉ ሁሉ ያዋጣል እንጂ ሐዘን የደረሰበት ቤት ብቻውን አይሸከመውም፤ ያላዋጣውን አባል ዕዳም ዳኛው ዝም ብሎ በጎረቤቱ ላይ አይጽፍበትም። የራሱ ገቢ የሌለው ድርጅት እንዲህ ያለውን ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ፈርሞ በሌላ ስም መደበቅ ግን ድርጅት ያዘጋል።

በመዝገብ አያያዝ በኩል በወሎ ብዙ ቢሮ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ስለሚጠቀም የሚከተለው ይሠራል። የጋራ ደረሰኝ ሁሉ መጀመሪያ «የጋራ ወጪ መሰብሰቢያ» በሚል አንድ መደብ ይመዘገባል። በወሩ መጨረሻ በአንድ ጆርናል ቫውቸር በየፕሮጀክቱ ጆብ ኮድ (መለያ ቁጥር) ተከፋፍሎ መደቡ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ካልሆነ ያልተካፈለ ወጪ አለ ማለት ነው፤ ወሩ አይዘጋም። ዋናው ደረሰኝ በአንድ ፋይል ብቻ ይቀመጣል፤ «ውኃ 60፣ ሥነ ምግብ 30፣ ኑሮ ማሻሻያ 10 በመቶ» የሚል ማኅተም ራሱ ደረሰኙ ላይ ይመታበታል፤ በሌሎቹ ፋይሎች ቅጂውና የዋናው ማመሳከሪያ ቁጥር ይገባል። ይህ ማኅተም አንድን ደረሰኝ ለሁለት ለጋሽ ሙሉ በሙሉ የማቅረብን ስህተት ያስቀራል። እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ባንክ ሂሳብ ካለው የከፈለው ፕሮጀክት ድርሻውን ከሌሎቹ በ15 ቀን ውስጥ ይቀበል። ከዚያ ካለፈ የአንዱን ለጋሽ ገንዘብ ለሌላው ማበደር ይሆናል፤ አብዛኛው ስምምነት ይህን ይከለክላል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰነዳቸው የጠፋባቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አልነበሩም። ወር በተዘጋ ቁጥር ደረሰኙም፣ የጉዞ መዝገቡም፣ የጊዜ መመዝገቢያውም ስካን ተደርጎ ከዞኑ ውጭ ባለ ቦታ ይቀመጥ። ኢንተርኔት በሌለበት ወር በፍላሽ አዲስ አበባ ይላክ።

ስለ ወረዳ ሴክተር ጽሕፈት ቤቶችም አንድ ነገር እናንሳ። ሦስት ድርጅቶች በአንድ ወረዳ ሲሠሩ ያው የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ የሦስቱንም ክትትል ይወጣል። በአንድ ቀን ከሁለት ፕሮጀክት አበል የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ ድርጅቶቹ ስለማይነጋገሩ ነው። የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የወሩን የመስክ መርሐ ግብር ከሁሉም ድርጅት ተቀብሎ በአንድ ሰሌዳ ቢለጥፍ፣ አንድ ጉዞ ለሦስት ይበቃል፤ አበሉም ነዳጁም ለሦስት ይካፈላል። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም።

ጥያቄያችን ለሦስት ወገን ነው። ለጋሾች በእያንዳንዱ ስምምነት ውስጥ የጋራ ወጪ የሚል ግልጽ መስመር ያስገቡ፤ ኪራይ የማይፈቀድበት በጀት ኪራዩን አያስቀረውም፣ ስሙን ነው የሚያስቀይረው። የክልሉ ፋይናንስ ቢሮና ሴክተር ቢሮዎች የፕሮጀክት ስምምነት ሲፈርሙ የዚያን ፕሮጀክት በጀት ብቻ ሳይሆን የድርጅቱን ሁሉንም ፕሮጀክቶች የሚያሳይ አንድ የማካፈያ ሠንጠረዥ ይጠይቁ፤ በአንድ ገጽ ያልቃል፣ ከመቶ ያለፈውም እዚያው ላይ ይታያል። የድርጅቶች ቦርዶች ደግሞ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ደንቡን በቃለ ጉባኤ ያጽድቁት፤ የትኛው ወጪ በምን መሠረት እንደሚካፈል፣ መቼ እንደሚከለስ፣ ማን እንደሚፈርም ይጻፍበት። በዓመቱ መካከል መቀየር ካስፈለገም ከተቀየረበት ቀን ወደፊት ብቻ ይሠራበት እንጂ ወደኋላ ተመልሶ የተዘጋ ወር አይነካበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በፕሮጀክት ሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች፣ ደሴ